ማርሽ ላይ የቆመች መኪና

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ዐረብ አገር በነበርኩባቸው ዓመታትም ለእናቴ የምልክላት ድምፄን እየቀዳሁ ነበር፤ እሱም ቢሆን «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ከማለት አያልፍም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። እናቴ «ይህች ልጅ ቤት እየተቃጠለ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምትነግረኝ» ትላለች። ወረቀት ግን «ምን አልሽ? ድገሚው» አይለኝም። ስለዚህ ያን ቀን በመኪናችን የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

መኪናችን ነጭ ፒክአፕ ናት። ነጭ የምላት ሊብሬዋ ላይ እንደዚያ ስለተጻፈ ነው እንጂ በሮቿን ዝገት በልቷቸዋል፤ ኮፈኗም ከሌላ መኪና የመጣ ሰማያዊ ነው። የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። ከጉና ሥር ድንች ጭኖ ወደ ወረታና ወደ ሐሙሲት ይወርዳል፤ ሲመለስ ሽንኩርት ይጭናል፣ ሽንኩርት ሲጠፋ ሰው ይጭናል፣ አንዳንዴም ሰውና በግ አንድ ላይ። የእጅ ፍሬን የላትም። ደብረ ታቦር ላይ ሜዳ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው፤ የእኛ ሰፈር መንገድማ ጭራሽ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሲያቆማት ሁልጊዜ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ታኮ አድርጎላት ነው። የሰፈራችን ሹፌር ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ዘይት ማፍሰስ የጀመረችው እኔ ሳልመለስ ነው። በስልክ ስጠይቅ ሁሉም «መኪናዋ ደህና ናት» ይሉኝ ነበር። ስመጣ ከበራችን ላይ መጀመሪያ ያየሁት ከወገቡ የተቆረጠ ጀሪካን ነው፤ እንደምትታለብ ላም ከሆዷ ሥር ተቀምጦላታል። ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ጀሪካኑን ይስባል፣ የተጠራቀመውን ጥቁር ዘይት በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልሎ መልሶ ያጠጣታል። «የራሷን ወተት እየጠጣች ነው የምትኖር» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይህን የሚለው እየሳቀ ነበር።

የሚያፈሰው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ሞተሩ ጎን ላይ የተሰካ፣ ከቲማቲም ጣሳ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ጥቁር ክዳን አለው፣ ከክዳኑም ገመዶች ይወጣሉ። ሥራው እሳት ማደል ነው። ሞተሩ አራት አፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ በተራው፣ ልክ በሰዓቱ እሳት ይልክለታል። ከክዳኑ ሥር ጣት የምትመስል ትንሽ ነገር አለች፤ እየዞረች «አሁን ያንተ ተራ፣ አሁን ያንተ» የምትል ይመስል ትጠቁማለች። የዕቃው እግር፣ ዘንጉ፣ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ከሌላ ጥርስ ጋር ተያይዟል፤ ሞተሩ ሲዞር እሷም ትዞራለች። የእኛው አርጅቶ ዘንጉ ስለተበላ፣ ዘይቱ ከሥሩ መንጠባጠቡ ሳያንሰው ሽቅብ እየተሳበ ክዳኑ ውስጥ ይገባ ጀመር። ክዳኑ በዘይት ሲርስ እሳቱ ይጠፋል። የዓለም በርን ዳገት ስትወጣ ታስላለች፣ ታስላለች፣ ትቆማለች። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ገፍቶ ሲጨርስ ወንድሜን ይሰድባል። ወንድሜ ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ብቻ ለውጦ ሞክሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ።

አንድ ቀን ውሃ እያፈሰስኩለት፣ እጁን በኦሞ እየታጠበ፣ ፊቱን ወደኔ ሳያዞር ነገረኝ።

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ጓደኞቼ በሚሄዱበት ነዋ። በወሎ አድርገን ወደ ባሕሩ። በሚመጣው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነሱት። ይህች አሮጊት እስከ ረቡዕ ካልዳነች እዚህ ምን እሠራለሁ? ዳገት ላይ እየተሰደብኩ ላርጅ?»

ውሃ ማፍሰሴን አቆምኩ። «እናታችንስ?» አልኩ።

«ለእናቴ ብትነግሪያት እህት የለኝም።»

እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው፣ ወረቀት ይዤ። እንዲያም ሆኖ የሠራሁበት ቤት መስኮቱ የማይከፈት ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ የማውቀው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ እንጂ ሽታውን ሸትቼ አልነበረም። እሱ የሚለውን መንገድ ግን በሰው አውቀዋለሁ። በዚያ የመጡ ያገራችን ልጆች እኔ በነበርኩበት ከተማ ነበሩ፤ ስለ ብዙ ነገር ይጫወታሉ፣ ስለ መንገዱ ሲጠየቁ ግን ወሬ ይለውጣሉ። ከጎረቤታችን አንዲት እናት ልጃቸው በዚያው ከሄደ ወዲህ ስልካቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ነው የሚውሉት። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንኳ አያጠፉትም፤ ቄሱም ምንም አይሏቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ሽሮ እየነፋሁ ተነሥቼ ወደ በር እሄዳለሁ፤ በር ላይ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ተመልሼ እነፋለሁ። እናቴ «ምን ሁነሽ ነው? ጉንዳን ገባብሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ሌላ ዲስትሪቢዩተር፣ ከተበተነ መኪና የወጣ፣ ባሕር ዳር ያለ ወዳጁ አግኝቶለት ነበር። በሚኒባስ ሊልክለት ሲል መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል እኔ መናኸሪያ እወርዳለሁ፤ ስደርስ እንደገና ተዘግቷል ይሉኛል። ወንድሜ አልለመነኝም፤ በራሴ ነው የምወርደው። እሱማ ባይመጣም የሚከፋው አይመስልም ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ ጭቃ ለብሶ ገባ፤ ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ በማዳበሪያ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር እያወዛወዘ ተጣራ።

«የዲስትሪቢዩተሩ ባለቤት! የዲስትሪቢዩተሩ ባለቤት አለ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እጄን ከደረቴ ከፍ ሳላደርግ አነሣሁ።

«አንች ነሽ? ወይ ዘመን! እኔስ ጢም ያለው ነበር የምጠብቀው» አለና መናኸሪያውን ሁሉ አሳቀብኝ። ዕቃውን ነጠላዬ ሥር ሸሽጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁት። ከሆዴ ላይ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ የወንድሜ ጋቢ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ የለም። ከአልጋው ሥር ያለው የጉዞ ቦርሳም የለም። እሱ ግን አለ፤ ደጅ ወጥቶ ኮፈኑን ከፍቷል። ማለት ዕቃውን አስቀድሞ ወደ ጓደኞቹ አሽሽቷል። ለመኪናዋ የሰጣትን ቀን ለመጨረስ ቆየ እንጂ ልቡስ ሄዷል አልኩ። እናቴ ምንም ሳትጠረጥር ጸበል ለመጠመቅ ወጣች፤ «እኔ እስክመለስ ምሳችሁን ብሉ» ብላን።

ዕቃ አቀባዩ እኔ ነኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የቁልፎቹን ቁጥር፣ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን ለይቼ አውቃለሁ። ገመዶቹ እንዳይምታቱብን ለጥልፍ ከምጠቀምበት ክር በየገመዱ ላይ የተለያየ ቀለም አሰርኩ፤ ለመጀመሪያው አፍ ቀይ። ወንድሜ ክዳኑን ሲያነሣ ዘይት እንደ ሽሮፕ ተንጠባጠበ። ከዚያ ዐረብ አገር ሳለሁ ገዝቼው አንድም ቀን ያልተቀባሁትን የጥፍር ቀለም ተቀበለኝና ጣቲቱ የምታመለክትበትን ቦታ ሞተሩ ላይ ምልክት አደረገ። አዲሱን ሲያስገባ እዚያው ላይ እንዲያርፍ ነው።

ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ሹፌር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። አንድ እግራቸው ስለማይታጠፍ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ከግድግዳቸው ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና የሚያልፈውን ሁሉ ይነካካሉ።

«አንተ ልጅ፣ እያከምካት ነው ወይስ ጥርሷን እየነቀልክላት?»

«ጥርሷ ነው የታመመው ጋሼ።»

«እኔ ዕድሜዬን የነዳሁት ናፍጣ ነው። ናፍጣ እንዲህ ያለ ቅምጥልነት አያውቅም። ይጠጣል፣ ይሄዳል፤ በቃ።»

ወንድሜ ብሎኑን ፈትቶ አሮጌውን ዲስትሪቢዩተር ቀስ እያለ ሳበው። ሲወጣ ጣቲቱ ከምልክቱ ላይ ትንሽ ዘወር አለች፤ የማትወደው ሰው ሲመጣባት ፊቷን እንደምታዞር ሴት። አየኋት፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ደፈነው። በዚያው ስልኩ ጠራ። ራቅ ብሎ አወራና ተመለሰ።

«መጣሁ። ማንም እንዳይነካት» አለኝ። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው፣ በሮቿ ተቆልፈዋል። ቁልቁል ሲወርድ ዐየሁት፤ ሥራ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው አካሄድ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ከላይ ልቅሶ ሰማሁ። ሌሊት ያረፉ አንዲት የሰፈራችን ባልቴት ነበሩ፤ አስከሬናቸው በዚያች ጠባብ መንገድ ሊያልፍ ነው። በአንድ በኩል ቦይ፣ በአንድ በኩል የጎረቤት አሸዋ፣ በመካከል ኮፈኗን የከፈተች የእኛ መኪና። አስከሬን በመኪና ጎን አሹልኮ ማሳለፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው። የእድሩ ወንዶች ቀድመው መጡ።

«ባለመኪናው የት አለ?»

«ወጣ ብሎ... ቁልፉ እሱ ጋ ነው...»

«ግድ የለም እህቴ፣ እንገፋታለን።»

አንዱ ጎንበስ ብሎ ታኮውን አወጣ። «ማርሽ ላይ ናት» አልኩ። ልቅሶው ደርሷል፤ ሴቶቹ ደረት እየመቱ ነው። «ማርሽ ላይ ናት! ሞተሩ እንዳይዞር!» አልኩ፤ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ሲገፏት እምቢ አለች። «ምን ሆነች?» ተባባሉና ሌሎች ተጨመሩ። ትከሻቸውን ሰጥተው አንድ ጊዜ ሲገፉ ተንገጫግጫ ተነቃነቀች። በተከፈተው ኮፈን ሥር የራዲያተሩ ማራገቢያ ሲዞር አየሁ፤ ትንሽ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዞራል። እሱ ዞረ ማለት ሞተሩ ዞረ ማለት ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩ ለብቻው ከዞረ ያ የጥፍር ቀለም ምልክት ባዶ ቀለም ነው፤ እሳት አዳዩና ሞተሩ ተጠፋፉ። አጥራችን ጥግ አድርሰው ድንጋዩን ራሳቸው መልሰው ታኮ አደረጉላት፤ አንዱማ ድንጋዩ መያዙን በእግሩ ገፍቶ አረጋገጠልኝ። «እግዜር ያክብርልን እህቴ» ብሎኝ ሄደ። ቆባቸውን አውልቀው ቆመው የነበሩት ጋሼ አስከሬኑ ካለፈ በኋላ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

እኔ ለቀስተኛውን መከተል ሲገባኝ መኪናዋን እዞራታለሁ። በፊት ለፊት፣ በኋላ፣ ደግሞ በፊት። ወንድሜ መጥቶ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ምክንያት ነበር የሚፈልገው፤ ምክንያቱን በትከሻቸው ተሸክመው አመጡለት። መንገዱን ተሻግሬ ጋሼ ፊት ቆምኩ። ጎረቤት ሆነን ከሰላምታ በቀር አናግሬያቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ ከዞረ፣ መጀመሪያው የት እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩኝ። «ለካስ ድምፅ አለሽ! እኔ እንጃ ልጄ፤ ናፍጣ ብትጠይቂኝ... ቆይ። ልጅ ሆኜ ረዳት ሳለሁ አንድ የቤንዚን መኪና ነበረች። አለቃዬ የመጀመሪያውን ካንዴላ፣ እሳት የምትረጨዋን፣ ፈታና ቀዳዳው ላይ አውራ ጣትህን ክደንበት አለኝ። እሱ ሞተሩን በእጁ ያዞራል። ትንፋሽ ሽቅብ መጥቶ ጣቴን ገፍቶ ሲያስወጣው፣ ያኔ ነው የመጀመሪያው ፒስተን አናቱ ላይ የሚደርስ። ከፊት በኩል ቺንጊያው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ የሚዞርበት ብረት ላይ ጭረት አለች፤ እሷም ከሞተሩ ምልክት ጋር ትገጥማለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻይ አምጣ ብሎ ላከኝ። ስመለስ ጨርሶታል። እውቀቱን እንዳልሰርቀው ነው፤ አፈሩ ይቅለለውና።»

ወንድሜ ሲመጣ ፊቱ ቁርጥ ያለ ነገር የያዘ ይመስል ነበር። መኪናዋ ቦታ መቀየሯን ሲያይ ቆመ።

«ማን ነው ያንቀሳቀሳት?»

ነገርኩት።

«ማርሽ ላይ እኮ ናት!»

«ብያቸው ነበር።»

«ለማን ነው ያልሽው? ለራስሽ?»

ይህ ቃል አሁንም ያመኛል፤ እውነቱን ስለሆነ ነው የሚያመኝ። እሱ የጥፍር ቀለሙን ምልክት አየ፣ ሳቅ የማይመስል ሳቅ ሳቀ። «በቃ። ይኸው፣ እግዜርም ሂድ እያለኝ ነው» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ሲሄድ ሳይ የራሴን እጅ አላዘዝኩትም፤ የካንዴላ መፍቻውን አንሥቶ ቀይ ክር ያለበትን መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጣቴን እከድናለሁ። አንተ ሞተሩን በትልቁ ቁልፍ አዙር።»

«ጣትሽን ይበላሻል።»

«ይብላው።»

ጋሼ ከማዶ «አዙርላት እንጂ አንተ! ከሴት ጣት ያንተ ስልክ ይበልጣል?» አሉ። ወንድሜ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ተናዶ ነው፤ ግን ከተተው። ማርሹን አወጣ፣ ትልቁን ቁልፍ ከፊት ብሎን ላይ አስገብቶ መሳብ ጀመረ። እኔ ጎንበስ ብዬ አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ደፈንኩ። መጀመሪያ ጣቴን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ሕፃን ጡት ሲይዝ እንደሚስበው። ደነገጥኩ፣ አላነሣሁም። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሥር የሆነ ነገር እየተነሣ፣ እየተነሣ መጣ፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ትንፋሽ ጣቴን ገፍቶ ፉሽ ብሎ ወጣ።

«መጣ!» ብዬ ጮኽኩ። በራሴ ድምፅ ራሴ ደነገጥኩ። ወንድሜ ትንሽ ጨመር አድርጎ ጭረቷን ከምልክቱ ጋር አገጣጠማት።

አዲሱን ዲስትሪቢዩተር፣ አዲስ የጎማ ቀለበት አጥልቆ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ጣቲቱን ወደ ቀይ ክር በኩል አዙሮ አስገባው። ክዳኑን ገጠመ፣ ገመዶቹን በየክራቸው ሰካ። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደ ጥይት ጧ! አለች። ውሾች ጮኹ፣ ከላይ ያሉ ሴቶች «ኧረ በስመ አብ!» አሉ፣ ጋሼ ከበርጩማቸው ሊወድቁ ደረሱ። ደጋግሞ ሞከረ። ባትሪው እየደከመ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠቅ ብቻ ሆነ።

ከመኪናዋ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አየሽ?» አለኝ፤ ቁጣውም አልቆበት ነበር፤ እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው። የተቆጣ ሰው ገና አልሄደም።

በዚያ ጊዜ ነው የጠዋቱ ትዝ ያለኝ። ክዳኑን እንደገና አንሥቼ አየሁ። ጣቲቱ ቀይ ክር ላይ አልነበረችም፤ አልፋው ነበር።

«ስታወጣው ዞራ ነበር» አልኩ።

«ምኗ?»

«ጣቲቱ። አሮጌውን ስትስበው ዘወር ስትል አይቻታለሁ። ስትገባም ትዞራለች ማለት ነው፤ ጥርሱ ያዞራታል። አንተ ቀዩ ላይ አድርገህ አስገባሃት፣ እሷ ገብታ ስትጨርስ አለፈችው። ከቀዩ ቀደም አድርገህ ጀምራት፣ ራሷ ዞራ ቀዩ ላይ ታርፋለች።»

ይህን ያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ ለማንም ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም። ወንድሜ ከመሬት ተነሣ። ሞተሩ በሙከራው ከቦታው ተነቃንቋልና እንደገና ጣቴን አስከደነኝ፣ እንደገና ትንፋሹን ጠበቅን። ዲስትሪቢዩተሩን አወጣና ጣቲቱን ወደ ኋላ መልሶ አስገባት። ስትወርድ ቀስ ብላ ዞረች። ቀዩ ላይ ቆመች።

«ባትሪውስ?» አለ። «ዳገት ላይ ነን፤ ከአጥሩ ጥግ እስከ መንገዱ ማን ያወጣታል? እኔና አንች?»

ለቀስተኞቹ ቀብር አድርሰው ሲመለሱ ከታች ታዩ። ወደ ሐዘንተኛው ቤት እጅ ለመታጠብ ነው የሚሄዱት፤ ደክሟቸዋል፣ ጫማቸው አፈር ለብሷል። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፤ ከቀብር የሚመለስ ሰው መኪና ግፉልኝ ብሎ ለማስቆም እሱም አፈረ። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና መንገዱ መሃል ወጣሁ።

«እባካችሁ፣ ግፉልን!» አልኩ። ሰሙኝ። ሁሉም ቆሙ።

ጠዋት ድንጋዩን በእግሩ ያረጋገጠልኝ ሰውዬ «እቴዋ፣ ቅድም ገፍተን ቦታ አስያዝንልሽ አይደል? ቦታው አልተስማማሽም?» አለ።

«ቅድም ማርሽ ላይ ነበረች። ብያችሁ ነበር።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ «አይ እኛ! ለዚያ ነው ለካ እንደዚያ የከበደችን» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «በሉ እንግዲህ፣ የሰበረ ይጠግን።»

ወንድሜ ገባ። ታኮው ወጣ። ከአጥሩ ጥግ ወደ መንገዱ አወጧት፣ ቁልቁል አቀኗት። ጋሼ ከማዶ በከዘራቸው እየጠቆሙ «አሁን ነው ማርሽ የሚያስፈልጋት! አሁን!» ይላሉ። ፍጥነት ስትይዝ ወንድሜ ማርሽ ከተተ፣ መኪናዋ እንደ ተጠለፈ በሬ ተንበረከከች፣ ከዚያ ተነሣች። ድምፁ ሙሉ ነበር፤ አታስልም። እኔ ዐረብ አገር ሆኜ በስልክ ከእናቴ ድምፅ ጀርባ አንዳንዴ የምሰማው ያንን ድምፅ ነበር።

የሚያቆማት መስሎኝ ነበር። አላቆማትም። ከታችኛው መታጠፊያ ዞሮ ጠፋ። ሰዎቹ እጃቸውን እያራገፉ ሄዱ፤ ሽማግሌው «ነፍስ ይማር፣ መኪናም ይማር» ብለው ሳቁና አፋቸውን ያዙ። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይሰማኝ ነበር፤ በኋላ የእሱ ይሁን የሌላ መኪና መለየት አልቻልኩም።

ጓደኞቹ የሚኖሩት በዚያው በታች በኩል ነው። ቦርሳውም እዚያ ነው፤ ጋቢውም። መኪናዋን የጠገንኩት እንዲቀር ነበር። አሁን ግን የሚሮጥ መኪና ይዟል፤ ወሎ ድረስ እንኳ ያደርሰዋል። ይህን ቀድሜ ያላሰብኩት ለምንድን ነው? መሣሪያዎቹን ሰበሰብኩ፣ በተንኩ፣ ደግሞ ሰበሰብኩ። እጄን በኦሞ ታጠብኩ፤ አውራ ጣቴ ላይ የቀዳዳው ክብ ጥቁር ምልክት አልለቅ አለ። ጋሼ «ተቀመጭ እንጂ ልጄ፣ እኔን ራሴን አዞርሽኝ» አሉኝ። እናቴ በጀሪካን ጸበል ይዛ መጣች።

«ወንድምሽስ?»

«ሊሞክራት ወጣ።»

«ተነሣች እንዴ! ተመስገን።» ፊቴን አየችው። «አንች ታዲያ ምነው የተነሣች አልመሰለሽም?»

ፀሐይዋ ከጋሼ ግድግዳ ላይ ወርዳ እሳቸውም በርጩማቸውን አስገቡ። ብርድ መጣ። ያ የተቆረጠ ጀሪካን መኪናዋ በነበረችበት ቦታ ብቻውን ተቀምጧል። አንሥቼ ውስጡን በአመድ አሸሁት፤ ምን እንደሚሠራልኝ አላውቅም፤ እጄ ሥራ ይፈልግ ነበር።

ድምፁ ከታች ሲመጣ መጀመሪያ አላመንኩትም። ዳገቱን ሳታስል ወጣች። በራችን ላይ አቁሞ፣ ማርሽ አስገብቶ ወረደ፤ እኔ ድንጋዩን ታኮ አደረግኩ። ሞተሯ እየበረደ ጠቅ ጠቅ ይላል። ጀሪካኑን ከሥሯ አስገብቼ ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልተንጠባጠበም። ቀና ስል በመስኮቱ ውስጥ አየሁ፤ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳው ተቀምጧል፣ ከላዩ ጋቢው ተጣጥፎ።

ጓደኞቹን ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። የቀረው ለሁልጊዜ ይሁን ለአንድ ገበያ አላወቅኩም፤ ዛሬም ስልኩ ሲጠራ ጆሮዬ ይቆማል። ቦርሳውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ፊቱን ወደኔ ሳያዞር እንዲህ አለኝ፦

«ነገ የሐሙሲት ገበያ ነው። በጊዜ ተነሽ፤ ካቻቢቴውን እንዳትረሽው።»